ማርቆስ ያልለቀቀው ገመድ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ምሕረት፣ የመጀመሪያ ልጄ፤ ያን ጊዜ ሕፃን ታጠባ ነበር። ሁለተኛው ባሏ ማርቆስ፣ ጂንካ ገበያ ጥግ የሚሠራ ልብስ ሰፊ። ሦስተኛው ሞላ፣ የጭነት መኪና ሹፌር። አራተኛው እኔ። የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በአንድ በልግ ነው። ማርቆስ ለሰላምታ እጁን በዘረጋልኝ ቁጥር ግን ዛሬም አዲስ ይሆንብኛል።

ትምህርት ቤት ብዙ አልገባሁም። እንግሊዝኛ ያስተማረኝ መዝገበ ቃላት ነው። አንድ ፈረንጅ ከጂንካ ሲለቅ ትቶልኝ የሄደ፣ ስለ ጃፓን የጦር መርከቦች የሚያወራ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ነበረኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ዲስትሮየር የሚባሉትን ቀጫጭንና ፈጣን መርከቦች ግን አሠራራቸውን ጭምር አውቅ ነበር። ጃፓኖች በትንሽ መርከብ ላይ ብዙ መድፍና ቶርፔዶ የሚባል ከባድ የውሃ ውስጥ ፈንጂ ይጭኑ ነበር። ማዕበል አንዱን ከገለበጠባቸው በኋላ ከላይ ቀንሰው ከታች ክብደት ጨመሩ። በዚህ «ከአቅማችሁ በላይ አትጫኑ» እያልኩ ልጆቼን ስንት ጊዜ መክሬአለሁ! ማርቆስን ደግሞ ከመርፌ ሌላ የማይችል ለስላሳ እጅ እያልኩ እነቅፈው ነበር።

ያን በልግ ማርቆስ ቆላ ወርዶ አርቦሬ መንደር ልብስ ሲሰፋ ሰንብቶ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ሲመለስ፣ የተሳፈሩበት መኪና ከወይጦ በታች፣ ሌላ ጊዜ ደረቅ ከሆነ አንድ ወንዝ ማዶ ቆመ። ደጋ የጣለው ዝናብ ወንዙን ሞልቶታል። ወሬው ሲደርሰኝ የማሽላ ዱቄት ይዤ በሞላ መኪና ሄድኩ። ምሕረት ማዶ ልጇን አቅፋ ቆማለች። ስንቃቸው ከትናንት ጀምሮ ማለቁን ጮኸው ነገሩን።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሃ እስከ ነገ ጠዋት ይጎድላል። እንጠብቅ» አለኝ ሞላ።

እኔ ግን መጽሐፌ ትዝ አለኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቀርፋፋ መርከቦቻቸው በአውሮፕላን ሲመቱባቸው፣ ጃፓኖች ዲስትሮየሮቹን ስንቅ ማመላለሻ አደረጓቸው። ሩዙን በርሜል ውስጥ ይጨምራሉ፤ እንዲንሳፈፍ አየር ይተዉለታል፤ በርሜሎቹን በገመድ አያይዘው ወታደሮቻቸው ያሉበት ደሴት አጠገብ ይጥላሉ። የተራቡት ወታደሮች ገመዱን ይዘው ወደ ዳር ይስባሉ። ይህን ለሞላ አስረዳሁት።

«ባሕር ኃይል ሆንና!» ብሎ ሳቀ። «ታዲያ ሩዙ ደረሰላቸው?»

«አብዛኛው ጠፋ። የእኛ ግን አንድ በርሜል ናት፤ ወንዙም ባሕር አይደለም» አልኩት።

ራሱን እየነቀነቀ የውሃ በርሜሉንና የጭነት ገመዱን ሰጠኝ። ዱቄቱን እስከ ግማሽ ጨምረን፣ አፉን ደፍነን፣ ገመዱን አስረንበት፣ ወንዙ ወደ ማዶ ከሚታጠፍበት ከፍ ብለን ለቀቅነው። ልክ እንዳሰብኩት ወደነሱ ተጠጋ። ደስ አለኝ። ማርቆስ እስከ ወገቡ ገብቶ የገመዱን ጫፍ ያዘ። ውሃው ሲያይልበት ገመዱን ጣቶቹ ላይ ጠመጠመው።

«ማርቆስ፣ ተወው! ይቅርብን!» ትላለች ምሕረት።

«ልቀቅ፣ አንተ ሰው!» ይላል ሞላ።

እኔ ግን «እንዳትለቅ! ወንድ ከሆንክ እንዳትለቅ!» ብዬ ጮህኩ።

አልለቀቀም። በርሜሉ ውሃው መሐል ሲሽከረከር ገመዱ ጣቶቹ ላይ ከረረ፤ ከዚያ ተበጠሰ። ሁለት ተሳፋሪዎች ገብተው ጎትተው አወጡት።

በማግስቱ ጠዋት በእግሬ ተሻገርኩ። ውሃው ጉልበቴን እንኳ አልደረሰም። ማርቆስ እጁን በምሕረት ነጠላ ጠቅልሎ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ዱቄቱ አመለጠኝ። ይቅርታ» አለኝ።

ጂንካ ስንደርስ ሐኪሞቹ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ቆረጡ፤ መርፌ የሚይዝባቸውን።

እነዚያ መርከቦች ለውጊያ ተሠርተው ሩዝ ሲያመላልሱ ብዙዎቹ ሰጠሙ። ይህን እያወቅሁ እኔም ለስፌት የሠለጠነ እጅ ለጎርፍ ሰጠሁ። አባት ልጁን «አትልቀቅ» ከማለቱ በፊት ራሱ ውሃው ውስጥ መቆም አለበት። የእኔ ጫማ አልራሰም ነበር።

ያ በርሜል ያስከፈለን ይህ ነው። ሞላ በርሜሉንና ገመዱን አጣ፤ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ምሕረት ልጇን አዝላ የስፌት መኪና መርገጥ ተማረች፤ እስከ ዛሬ የቤቱ እንጀራ በእሷ እግር ነው። ማርቆስ ሁለት ጣቱን ከፈለ። አሁንም አባባ ይለኛል፤ የተቀደደ ልብስ ካለህ አምጣው ይለኛል። እኔ ቁልፍ ሲረግፍብኝ በሬን ዘግቼ ራሴ እሰፋለሁ።