ዋናዋ ቫን ውስጥ ናት

ኔቪል ሆልሮይድ ባርንስሊ በምትባል የፈረንጅ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያስጨፍር ኖሮ፣ እሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ ጨፍሮ አያውቅም። እግሩ ጤነኛ ነው፤ ጣጣው ከሥራው ነው። አንድ ሸክላ ቢበዛ ሦስት አራት ደቂቃ ይጫወታል። በዚያች ጊዜ ቀጣዩን መፈለግ፣ አቧራውን መጥረግ፣ መርፌውን አስተካክሎ መጠበቅ አለ። ሲዲ ሲመጣም ያው ሆነ። ሰው መሐል አዳራሽ ተቃቅፎ ሲዞር ዲጄው ኔቪል ከስፒከሮቹ ኋላ ቆሞ ያያል። በተለይ አንዷን ያያል።

አንዷ ማቪስ ናት። የማዕድን ሠራተኞች ክበብ ወጥ ቤት የእሷ ግዛት ነው። ሠርግም ይሁን ልደት፣ በሊጥ የተጋገረውን የአሳማ ሥጋ ፓይና ተቀቅሎ የላመውን አተር የምታቀርበው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሥራዋን ስትጨርስ ሽርጧን ታወልቅና በሩ አጠገብ ቆማ ሙዚቃ ታዳምጣለች። አንዲት ቀስ ያለች የድሮ ዘፈን ነበረች፤ እሷ ስትከፈት ማቪስ ዓይኗን ትጨፍናለች። ኔቪል ይህን ያውቃል፤ ማወቁን ደግሞ ማቪስ ታውቃለች። ሁለቱም ስድሳ ሊደፍኑ ነው፣ ሁለቱም ትንፍሽ አይሉም። እኔን በበኩሌ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያበሽቀኛል።

የዚያችን ዘፈን ሸክላ አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራው ራሱ ሞቅ ብሎት ተቀመጠባትና ሰበራት። ከዚያ ወዲህ ማቪስ በሩ አጠገብ ብትቆምም ዓይኗን የሚያስጨፍናት አጣች።

ከዚያ ላፕቶፕ የሚሉት ነገር መጣ። የከተማው ዲጄ ሁሉ ሲዲውንና ሸክላውን እየቀዳ ላፕቶፑ ውስጥ ከተተና ሳጥን ከመሸከም ተገላገለ። ኔቪልን ግን የማረከው ሌላ ነገር ነበር። ላፕቶፑ ዘፈኖቹን በተራ ካሰለፉለት ያለ ሰው ይጫወታል። ዲጄው ወርዶ ሻይ መጠጣት ይችላል። መደነስም ይችላል። ይህ የገባው ዕለት ሱቁ ውስጥ ቆሞ ብቻውን ሳቀ።

ግን ኔቪል ቀይ መብራት በርቶ ከሆነ፣ በመንገዱ ላይ ድመት እንኳ ባይኖር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ጠላም ይቀዳል፣ ዘፈንም ይቀዳል፣ ማንም ማንንም አያስፈቅድም። እዚያ ግን ዲጄ የገዛ ሸክላውን ላፕቶፕ ላይ ለመቅዳት ከባለመብቶቹ ማኅበር ፈቃድ ያወጣል፣ በየዓመቱም ያሳድሳል። የሚቀዳውም ዋናው በእጁ ያለውን ብቻ ነው። ጓደኛው ኪዝ፣ እሱም ዲጄ ነው፣ ይህን ሲሰማ ቢራው ትን አለው።

«የገዛ ሸክላህን ለመቅዳት ፈቃድ? ነገ ለማስነጠስም ታስፈቅዳለህ።»

«ካስፈለገ አስፈቅዳለሁ» አለ ኔቪል።

ፈቃዱን አወጣ፤ በላስቲክ አስለብጦ ከጠረጴዛው ፊት ሰቀለው። ኪዝ አላረፈም። ተቆጣጣሪዎች ተጋባዥ መስለው ይመጣሉ፣ ዋናዎቹን አሁኑኑ አሳየን ይላሉ ብሎ ነገረው። ቀልዱን ነበር። ኔቪል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክላውንና ሲዲውን በሙሉ ቫኑ ላይ እየጫነ መሄድ ያዘ። ጀርባው እንዲያርፍ የተገዛው ላፕቶፕ ጭራሽ ሌላ ሸክም ሆነ። የማቪስን ዘፈን ደግሞ ኪዝ ሊያውሰው ቢለምነው የሰው ሸክላ አልቀዳም ብሎ፣ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው እየዞረ ዶንካስተር ከተማ አገኛት።

ባገኛት ሳምንት ወሬው መጣ። የማቪስ ወንድም ክሊፎርድ ሩቅ ኮርንዎል፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ እህቱን ወስዶ አብረው ሊያስተዳድሩት ነው። ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ይዟት ይሄዳል። ኔቪል ይህን የሰማው ዳቦ ቤት ተሰልፎ ነው። ተራው ሲደርስ ምን ሊገዛ እንደመጣ ጠፋበት።

ቅዳሜ ከሰዓት የሄግ ባልና ሚስት ሃምሳኛ ዓመት የጋብቻ በዓል ክበቡ ውስጥ ነበር። ኔቪል ቆርጦ መጣ፤ ዛሬ ከማቪስ ጋር ይደንሳል፣ እየደነሰም አትሂጂ ይላታል።

ክሊፎርድም እዚያው ነበር። እህቱ ሻንጣዋን እያሰናዳች ያ ዲጄ ሰውዬ፣ ያ ዲጄ ሰውዬ ስትል ሰምቶ፣ ይሄ ኔቪል የሚሉት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በዓይኑ ሊያይ ፈለገ። ጥቁር ግራጫ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጠረጴዛው ዘንድ መጣና ላፕቶፑን አየ፣ ፈቃዱን አየ፣ ኔቪልን አየ። ኔቪል በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ተቆጣጣሪው መጣ አለ በልቡ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የዚያ አገር ወንድ የሚወደውን ዕቃ ሁሉ «እሷ» ነው የሚለው። የኔቪል ቫን እሷ ናት፣ የሻይ ማፍያው እሷ ናት፣ ሸክላማ ሲሆን አይነገርም።

«አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅህ» አለ ክሊፎርድ። «ነገርህ ሁሉ ንጹሕ ነው?»

«ፍጹም ሕጋዊ ነኝ ጌታዬ። ፈቃድ አለኝ።»

«የምን ፈቃድ?»

«የማኅበሩ ነዋ። በየዓመቱ አሳድሳለሁ።»

ክሊፎርድ ዓይኑን አርገበገበ። በዚህ መሐል ማቪስ ሳህን ተሸክማ ከኔቪል ኋላ አለፈች። ክሊፎርድ በአገጩ ወደ እሷ አመለከተ።

«ታዲያ ከይቺ ሌላ አለች?»

ኔቪል ወደ ላፕቶፑ ያመለከተ መሰለው። «ዋናዋማ አለች። ዋናዋ ሳትኖር ይቺን ይዤ ብዞር ወንጀል አይሆንም እንዴ?»

«ዋናዋ የት ናት?»

«ውጭ፣ ቫን ውስጥ። ሁልጊዜ ይዣት ነው የምወጣው።»

«አሁን? በዚህ ሙቀት?»

«አይሥጉ፣ ቆልፌባታለሁ። ብርድ ልብስም ጣል አድርጌባታለሁ። አርጅታለች፤ ፀሐይ ከነካት ትጣመማለች።»

ክሊፎርድ ወደ ወጥ ቤት በሩጫ ሄደ።

«ማቪስ፣ ያ ሰውዬሽ ሚስቱን ቫን ውስጥ ቆልፎባታል።»

«ሚስት የለውም» አለች ማቪስ ፓይ እየቆረጠች።

«እሱ ራሱ ነገረኝ። ዋናዋ እሷ ናት፣ አንቺ ይቺ ነሽ። ማኅበር ፈቅዶለታል፣ በየዓመቱ ያሳድሳል።»

ማቪስ ቢላውን አስቀመጠች። ሠላሳ ዓመት ስታየው የኖረችው ሰው እንዲህ ያደርጋል ብላ አታምንም፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቃል ያልተናገረበት ምክንያት ይሄ ቢሆንስ? ልቧ ስብር አለ። ሽርጧን ሳታወልቅ ቀጥ ብላ ወጣች። ክሊፎርድ ተከተላት፣ ወሬውን የሰሙት ተከተሉ፣ ወሬውን ያልሰሙት ምን ተፈጠረ ብለው ተከተሉ። ወይዘሮ ሄግ በሃምሳኛ የጋብቻ ዓመቷ ቀን ባሏን ወንበር ላይ ትታው ወጣች።

ኔቪል አዳራሹ ባዶ ሲሆን አየና ቁልፉን ይዞ ሮጠ። ሸክላዬን ወረሱኝ ብሎ ነው።

«ክፈት» አለው ክሊፎርድ።

«ደስ እያለኝ ጌታዬ። ሁሉም በፊደል ተራ ነው ያለው።»

በሩ ተከፈተ። ክሊፎርድ ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሱን በቀስታ ዳበሰ። «እመቤቴ፣ አይዞሽ፣ ደርሰንልሻል» አለ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጠው። ሳጥን። ሳጥን ላይ ሳጥን። ከሁሉም በላይ በፎጣ የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ሸክላ።

«ይቻትና ዋናዋ» አለ ኔቪል፣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ።

ወይዘሮ ሄግ በሳቅ ፈነዳች። ሳቁ መንገዱን ሞላው፤ ተጋብዞ የመጣው ኪዝ አጥር ይዞ ሳቀ፣ ክሊፎርድ ብርድ ልብሱን እንደያዘ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ማቪስ ቫኑ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጎኗን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኔቪል ብቻ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም።

ማቪስ እንባዋን በሽርጧ ጠረገችና ሸክላዋን ተቀብላ አየች። ዘፈኗን አወቀቻት።

«ይቺን ከየት አመጣሃት?»

«ዶንካስተር። ብዙ ፈለግኳት።»

«ለምን?»

«ዋናዋን ካልያዝኩ መቅዳት አልችልም። ካልቀዳኋት ደግሞ ከዚያ ጠረጴዛ ኋላ መውጣት አልችልም» አለ ኔቪል። «ካልወጣሁ ካንቺ ጋር መደነስ አልችልም።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ማቪስ ተነሣች፣ ሽርጧን ፈታች፣ ለወንድሟ አስያዘችው።

ገቡ። ኔቪል ዘፈኗን ላፕቶፑ ላይ ከፈታትና ወርዶ መሐል አዳራሽ ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም፤ ማቪስ ይዛ ቦታ ቦታቸው አደረገችለት። ሁለቴ ረገጣት። ዓይኗን ጨፈነች።

«አትሂጂ» አለ። «እወድሻለሁ፣ ድሮም እወድሽ ነበር፣ ሰኞ አትሂጂ።»

ዘፈኗ አለቀች። በዚያ ሁሉ ትርምስ ኔቪል ሌላ ዘፈን ማሰለፍ ረስቶ ኖሯል፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሰው ሁሉ ቆሞ አየው።

«ኔቪል፣ ዘፈን አለቀ እኮ» አለች ወይዘሮ ሄግ።

ኔቪል አልተንቀሳቀሰም። የማቪስን እጅ ጭራሽ አጥብቆ ያዘ።

«ሂድና አስገባላቸው» አለችው ማቪስ በጆሮው።

«ብለቅሽ ትሄጃለሽ።»

«ሂድ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ። እኔ የትም አልሄድም።»

ኔቪል ሄዶ አስገባ። ምን እንዳስገባ ግን አላየም።