የሽንት ቤቱ መቀርቀሪያ

ለልጄ የግል መሰናዶ ትምህርት ቤት እያማረጥን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሁለተኛው ግቢ ደረስን። የሴቶቹ ሽንት ቤት ገብቼ መቀርቀሪያውን ስስበው ቀጭ አለ፤ በረኪናው ሸተተኝ።

ከዓመታት በፊት እኔን ሊያስመዘግብ ከደብረ ኤልያስ የመጣው አባቴም እንዲሁ አድርጎ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ስለ ቤተ ሙከራው ሲያስረዱት አቋርጦ፣ «እሱ ይቆይ፤ የሴቶቹን ሽንት ቤት ያሳዩኝ» አላቸው። ገብቶ መቀርቀሪያውን ደጋግሞ ሲሞክር ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

ሲወጣ ቀስ ብሎ፣ «የእህትሽ ትምህርት ቤት ሽንት ቤቱ መዝጊያ አልነበረውም። በየወሩ ስትቀር ሰነፈች ብዬ ዳርኳት» አለኝ። ያኔ ግማሹ ብቻ ገባኝ። እህቴ የሁለት ልጆች እናት ሆና ነበር።

«እማዬ፣ በናትሽ ውጪ፤ ሰው እየሳቀ ነው» አለች ልጄ ከደጅ።

መቀርቀሪያው ደህና ነበር። ዓይኔን ጠርጌ በሩን ከፈትኩ።