ከጣሪያ ላይ የታዩ እጆች

መንገሻ ስደት ላይ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር አብሮኝ ሲኖር ሥራው አጠገባችን ሪቻርድሰን ከተማ ላሉ ቤንጋሊዎች ዲሽ መትከል ነበር። የግል ቴሌቪዥን ጣቢያቸው ሲጀምር በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ነበር የሚያስተላልፈው። ሃያ አራት ሰዓት ሲሆን ግን ሥራው በዝቶ እሁድ እንኳ ቸርች መሄድ ተወ።

እሱ ጣሪያ ላይ ዲሹን ያዞራል፤ የቤቱ ሰው ምስሉ ሲመጣ በመስኮት እጁን ያሳየዋል። ያኔ ቡሎኑን አጥብቆ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ክረምት አንዲት ቤንጋሊ አሮጊት፣ አገሬን ጎርፍ በላው፣ ልጄ እዚያ ነው፣ ቶሎ ና እያለች ነዘነዘችው። ሄዶ ዲሹን ሲያዞር ሁለቱንም እጆቿን አነሳች። ደስ ብሏት ነው ብሎ እጁን አወዛወዘላትና ቡሎኑን አጠበቀ።

ሲወርድ ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው የልጇን መንደር ነበር፤ ከውኃው በላይ የቀረው የመስጊዱ ጫፍ ብቻ ነው። አሮጊቷ እጆቿን ከራሷ ላይ አላወረደችም።

ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹን «እጅ አታንሱ፣ መብራት ብቻ አብሩልኝ» ይላቸዋል። ምን አጠፋህና ነው ብዬ ተቆጣሁት።

«ወንድሜ የሞተ ቀን እናቴም እጇን እንዲሁ ራሷ ላይ ጭና ነበር» አለኝ። «ማለቴ፣ ለቅሶ መሆኑን የማያውቅ ሐበሻ የለም። እኔ ግን እጄን አወዛወዝኩላት።»