የረቡዕ ጾምና የኮሪያ ቤዝቦል

ወረርሽኙ በገባበት ዓመት ልጄ የላፕቶፑን ገንዘብ በቤዝቦል ውርርድ ጨረሰው። እኔ ያወቅሁት መጨረሻ ላይ ነው።

ደቡብ አፍሪካ፣ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለን። አባቱ ካረፈ ወዲህ ሱቁን የያዝነው እኔና ልጄ ነን። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ገብቶ ነበር። ከተማው ሲዘጋ ትምህርቱ በኢንተርኔት ይሆናል ተባለ። ላፕቶፕ ያስፈልገዋል፤ እኛ ደግሞ የለንም።

እኛ ሴቶቹ እቁብ እንጥላለን። ሁላችንም ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጣን ባለሱቆች ነን፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብረን እናመልካለን። በዚያ ወር እቁቡ የደረሰው ለጸሎት መሪያችን ነበር። በዕድሜ ትልቃችን ስለሆኑ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ደወልኩላቸውና ችግሬን ነገርኳቸው።

«ውሰጂው» አሉኝ።

«እማማ፣ ለሱቅዎ ፍሪጅ ሊገዙበት ያሰቡት ገንዘብ እኮ ነው።»

«ብርዱ እየመጣ ነው። በብርድ ቀዝቃዛ ለስላሳ የሚጠጣ ማነው? ውሰጂና ልጁ ይማርበት።»

ገንዘቡ ልጄ ሂሳብ ውስጥ ገባ። ግን ላፕቶፕ የሚሸጡት መደብሮች ሁሉ ተዘግተው ነበር። እስኪከፈቱ ይቀመጥ ተባባልን።

በዚያ ሰሞን እግር ኳስም ቆሞ ነበር። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር አልፎ አልፎ በእግር ኳስ ይወራረድ እንደነበር በኋላ ነገረኝ፤ ለታክሲ ከምሰጠው ላይ እየቆነጠረ። እግር ኳሱ ሲጠፋ፣ ስልኩ ላይ ያለው የውርርድ መተግበሪያ መጀመሪያ የታይዋንን፣ ቀጥሎም የኮሪያን ቤዝቦል ይዞለት መጣ። ልጄ ቤዝቦል አይቶ አያውቅም። በሰፈራችንም ያየ ሰው የለም። ግን በመጀመሪያው ሳምንት አሸነፈ። የጎዳው እሱ ነው።

ጨዋታው በእኛ ሰዓት እኩለ ቀን ገደማ ይደረጋል። ልጄ ከሱቁ ጀርባ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስልኩን ያያል። እኔ ትምህርት ላይ ያለ መስሎኝ ደንበኞቼን ዝም አሰኛለሁ። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት ጎጎ፣ የሰፈሩ ሁሉ አያት የሆኑ የዙሉ ሴት፣ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ የሰላምታቸውን «ሳውቦና» እንኳ የሚሉኝ በሹክሹክታ ነበር።

«ዶክተሩ እየተማረ ነው?» ይሉኛል።

«እየተማረ ነው» እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ከጀርባ «ሩጥ! ሩጥ እንጂ፣ አንተ ደንቆሮ!» ሲል ሰማነው። ጎጎ ዳቦአቸውን እንዳቀፉ ቆሙ።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?»

«የቡድን ሥራ ይሆናል» አልኩ።

ቤተ ክርስቲያኑም ስለተዘጋ በየረቡዑ በስልክ እንጸልይ ነበር። ሁላችንም አንድ መስመር ላይ እንገባለን። ቀኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳንበላ እንውላለን። ልማዳችን እንዲህ ነው፤ አንድ የጸሎት ርዕስ አንዴ ከተሰጠ፣ ባለቤቱ መልሱን ይዞ ቀርቦ እስኪመሰክር ድረስ አንተወውም። ለመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ያስገባ ፈቃዱ እስኪመጣ፣ የታመመ እስኪድን ስሙ በየሳምንቱ ይነሳል።

አንድ ማክሰኞ ልጄን ጠየቅሁት።

«ለነገ የጸሎት ርዕስ የለህም?»

«አለኝ እማ።» ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። «አንድ ጉዳይ አለ። እንዲሳካልኝ ጸልዩ።»

«ምን ጉዳይ?»

«ፕሊስ እማ፣ ዝም ብላችሁ ጸልዩ። ጌታ ያውቀዋል።»

ጌታስ ያውቀው ነበር። በዚያን ጊዜ ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ ሄዷል። የቀረውን ይዞ፣ ብዙ ጊዜ ስለተሸነፈ ከእንግዲህ አይሸነፍም ያለውን አንድ የኮሪያ ቡድን እየተከተለ ነበር። ጉዳዩ ያ ቡድን ነው።

ጾምን። ቀኑን ሙሉ ቆመን ዳቦና ወተት እየሸጥን፣ እኛ ሳንበላ። እማማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጌታ ሆይ፣ ይህን ልጅ በድል አውጣው! ጠላቱ በፊቱ አይቁም!» ሲሉ ሁላችንም «አሜን!» እንላለን። ልጄ ከጀርባ ይሰማል። የሚጸለይለት መሆኑን ያውቃል፤ የሚጾምለት መሆኑን ግን አላወቀም። ረቡዕ መጾም ለእኔ የቆየ ልማድ ስለሆነ አልነገርኩትም፤ እሱም ልብ አላለውም።

መደብሮቹ ተከፈቱ። ላፕቶፑስ ስለው «ዕቃ አልቋል» ይለኛል። ብዙ ነገር ያለቀበት ጊዜ ስለነበር አመንኩት። ቡድኑ ይሸነፋል፤ እሱም ያጣውን ለማስመለስ እንደገና ይወራረዳል። ትምህርቱን በስልክ እያነበበ ከክፍሉ ወደ ኋላ ቀረ። ብርዱ ሳይወጣ ገንዘቡ አለቀ። እኛም የተሰጠንን ርዕስ ይዘን ቀጠልን።

አንድ ረቡዕ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አድርጌ እየጸለይን ነበር። ልጄ አጠገቤ ዳቦ ይደረድራል። እማማ ጸሎት ጀምረው መሃል ላይ ድምፃቸው ደከመ። ስኳር አለባቸው።

«እማማ፣ እርስዎ እንኳ ይብሉ» አልኳቸው። «እኛ እንይዘዋለን።»

«የልጁ ጉዳይ ሳይመለስ? ምስክርነቱን ስሰማ እበላለሁ። እስኪ ትንሽ ልረፍ፤ አንቺ ቀጥዪ።»

የልጄ እጅ ቆመ።

«እማማ ይጾማሉ እንዴ?»

«ይጾማሉ።»

«ለእኔ?»

«ላንተ ነዋ። ሁላችንም።»

ዳቦውን አስቀመጠና ስልኩን ከመደርደሪያው አነሳ።

«እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ጎሽ! መልስ መጣ?»

«አልመጣም። እባክዎ ይብሉ። ጉዳዩ ቤዝቦል ነው።»

«ማነው እሱ?»

«ጨዋታ ነው። በዱላ ኳስ ይመታሉ። ተወራርጄ ነው። የላፕቶፑ ገንዘብ… የፍሪጅዎ ገንዘብ አልቋል። ሁሉም።»

በመስመሩ ላይ ከአንዷ ሱቅ ደጅ የታክሲ ጥሩምባ ይሰማል። እኔ የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

«እና» አሉ እማማ፣ «ያ የጾምንለት ቡድን አሸነፈ?»

«አላሸነፈም። ከመጨረሻ ነው የሚቆጠረው።»

«ተመስገን! እህቶች፣ ጌታ ሰምቶናል። ቢያሸንፍ ኖሮ ይሄ ልጅ ዛሬ ይሄን ስልክ አያነሳም ነበር።»

አንዷ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሁሉም። እኔ አልሳቅሁም። አለቀስኩ።

«አንተ ልጅ» አሉት እማማ። አፋቸው ውስጥ ቁራሽ እንዳለ ከድምፃቸው ይታወቃል። «ሐሙስ በማለዳ እኔ ጋ ትመጣለህ። ዕቃ ከከተማ የምሸከምበት ጉልበት የለኝም። ፍሪጄ እስኪገባ ትሸከማለህ።»

«እሺ እማማ።»

ሐሙስ ሐሙስ ሄደ። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና ከከተማ በታክሲ እየጫነ አመጣላቸው። ፈተናውን በስልኩ ወሰደ፤ ነጥቡ አልበቃውምና ዓመቱን ደገመ። በዓመቱ በራሱ ላብ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛ። አንድ ቁልፉ ወልቋል፤ ግን ይሠራል።

አንድ ጊዜ ያን ጨዋታ እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። አብዛኛው አልገባኝም። በቤዝቦል ከሁሉ የተሻለው መቺ እንኳ ከሚመታው የሚስተው ይበልጣል አለኝ።

«መቺው ራሱ እንደሚመታ ካላወቀ፣ አንተ እዚህ ጆንያ ላይ ተቀምጠህ እንዴት ታውቅ ነበር?»

«እሱን ነው እኮ የተማርኩት፣ እማ» አለ። «የትምህርት ፊዬ ግን ውድ ነበር።»

እኔም የተማርኩት አለ። ለልጄ ጸሎት ከመስጠቴ በፊት ጊዜ እሰጠዋለሁ፤ አጠገቡ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ምን እያየህ ነው እለዋለሁ። በኅብረታችንም ደንብ ተጨመረ። አንድ ሰው «ጌታ ያውቀዋል» ብሎ ርዕስ ሲያቀርብ እማማ «እኛም እንወቀው» ይላሉ።

በእኔ የእቁብ ተራ የተገዛው ፍሪጅ የገባው በታኅሣሥ ሙቀት ነው። እኔና ልጄ አብረን ሄደን ቦታው ላይ አቆምነው። መቀዝቀዙን ስንጠብቅ ዋልን። እማማ የመጀመሪያውን ቀዝቃዛ ለስላሳ አውጥተው ለልጄ ሰጡት። ሊከፍተው ሲል እጃቸውን ዘረጉ።

«ሂሳብ» አሉት።

ከኪሱ አውጥቶ ከፈለ። ከዚያ ደጁ ላይ ቆሞ ጠጣው።