የኔነሽ እና የከሰለችው ከተማ

የኔነሽ ካፉሪ በሚባለው የካርቱም የሀብታም ሠፈር በአንድ ቪላ ለአሥራ ስድስት ዓመት አገልግላለች። በመተማ በኩል ካርቱም ስትገባ ሥራዋ የሦስት ዓመቷን ጀሚላን መጠበቅ ነበር። ጀሚላ አድጋ የሕክምና ተማሪ ከሆነች በኋላም አጠራሯን አልቀየረችም፤ ያው «ኻልቲ» ትላታለች፣ አክስቴ እንደማለት። የኔነሽ ከግቢው የምትወጣው ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ ማዳም፣ የጀሚላ እናት፣ መሳቢያዋ ውስጥ ስለቆለፈችባት ፖሊስ ካስቆማት የምታሳየው የላትም። ስለዚህ በለመደችው መንገድ ሄዳ በዚያው ትመለሳለች።

የሱዳኑ ፕሬዚዳንት ከሥልጣን በወረደበት ሚያዝያ የጀሚላ ወላጆች ነገሩ እስኪረጋጋ ብለው ካይሮ ሄዱ። ጀሚላ ግን አልሄድም አለች። ሕዝቡ ሥልጣን ለሲቪል ይሰጥ ብሎ በጦር ሠራዊቱ መምሪያ ፊት ለፊት ድንኳን ጥሎ ተቀምጦ ስለነበር፣ እሷም ረሺድ ከሚባል የክፍል ጓደኛዋ ጋር እዚያ የተጎዱትን ቁስል ስታጥብ ትውል ነበር። በረመዳን ማብቂያ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ወታደሮች መጥተው ሰዉን በጥይት በተኑት። ጀሚላ ረፋዱ ላይ በእግሯ እቤት ደረሰች። ልብሷ ላይ ያለው ደም የእሷ አልነበረም። ረሺድ የት እንደደረሰ አታውቅም። በዚያው ቀን ኢንተርኔት ስለተቋረጠም የምትጠይቅበት መንገድ አልነበራትም።

ከዚያ ወዲያ ውጭ አገር የሚማረው ወንድሟ ክፍል ገብታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች፤ የወንድሟን የቪዲዮ ጌም ከፍታ ቀኑን ሙሉ እሱን ትጫወታለች። የኔነሽ መጀመሪያ ተናደደች። ሰው እንደዚያ አልቆ ጨዋታ ምን ይባላል ብላ አጉረመረመች። ጀሚላ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ስትውል ግን ልቧ አላስችል አላት፤ ምስሯን በሰፌድ ይዛ መጣችና አጠገቧ ተቀምጣ እየለቀመች ታይ ጀመር።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ዓለም በጦርነት የከሰለች ናት። ፎቆቿ ተንደዋል፣ መኪኖቿ ዝገዋል። አንዲት ሴት ከረጢት አዝላ በፍርስራሹ መሃል ብቻዋን ትሄዳለች። ባዶ ቆርቆሮ፣ እንጨትና ጨርቅ ትለቃቅማለች፤ ያገኘችው ቦታ ላይ ጎጆ ትቀልሳለች።

ሦስተኛው ቀን ላይ የኔነሽ ጠየቀች። «ምኑ ደስ ብሎሽ ነው? ሁሉም ነገር እኮ ፈርሷል።»

ጀሚላ ጨዋታውን አቆመችው። «እዚህ መፍረሱ አልቋል፣ ኻልቲ» አለች። «ከዚህ በኋላ ያለው መጠገን ብቻ ነው።»

ከዚያ ጆይስቲኩን እጇ ላይ አኖረችላት።

የኔነሽ ለመልመድ ሁለት ቀን ፈጀባት። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ጀሚላ በአረብኛ ትነግራታለች። ሽፍታ ስታይ አትተኩስም፤ ዙሪያውን ዞራ ታልፈዋለች። አንዴ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሽማግሌ ሳታስበው ገፍታው፣ ስክሪኑን እያየች ይቅርታ ስትለው ጀሚላ ከዚያች ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የኔነሽ ጉድጓድ ቆፍራ ውሃ አወጣች፣ ባቄላ ተከለች፣ ለመንገደኛ አልጋ አነጠፈች። ከሁሉ ይልቅ የማረካት ግን መሄዱ ነው። ሩቅ ያየችው ተራራ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ከሄዱ ይደረሳል። ወረቀት አሳዪ የሚላት የለም። አንዱን ኮረብታ ስትመኘው ሰንብታ፣ ሥራዋን እየጨረሰች በሁለት ቀን ወጣችው። ጫፉ ላይ ያገኘችው የተቃጠለ አውቶቡስና አንድ ወንበር ብቻ ነበር።

ጀሚላ ምን እንዳገኘች ጠየቀቻት።

«ምንም» አለች የኔነሽ። «ግን ማንም ሳይልከኝ ደረስኩ።»

ካፏ ካወጣችው በኋላ ራሷም ደነገጠች። በማግስቱ ቁርስ ስታቀርብ ኢቃማዬን ስጪኝ አለቻት። ጀሚላ ቁልፉን ፈልጋ የእናቷን መሳቢያ ከፍታ አወጣችላት። እዚያ ቤት ተወልዳ አድጋ፣ ያ ወረቀት ለምን እንደተቆለፈ አንድ ቀን እንኳ አለመጠየቋ ቆጫት፤ ስትሰጣትም ፊቷን ቀና ማድረግ አቃታት።

በዚያው ዓርብ የኔነሽ ወዴት እንደሚሄድ ሳትጠይቅ ሐፍላ፣ የከተማውን ሚኒባስ፣ ተሳፈረች፤ መጨረሻው በከተማው ደቡብ ጫፍ ያለው ካላክላ ሠፈር ሆነ። አንዱን ጎዳና ይዛ ስትሄድ፣ ሌላውን ስትታጠፍ ጠፋች፤ መጥፋቷ ግን አላስፈራትም። ደክሟት ያረፈችው ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ ወይንሸት የምትባል የጎጃም ሴት ዘንድ ነበር። ወይንሸት የሠፈሩን ኪራይ፣ የፖሊሱን አፈሳ፣ የሥራውን ነገር አንድ በአንድ አጫወተቻት።

ሐምሌ ላይ ኢንተርኔት ሲለቀቅ የረሺድ ወሬ ተሰማ። እጁ ተሰብሮ ኦምዱርማን አክስቱ ቤት ተኝቷል። ጀሚላ ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ በበነጋው ልትጠይቀው ሄደች።

ማዳም ከካይሮ ስትመለስ መሳቢያዋን ባዶ አገኘችው። የኔነሽ መውሰዷን አልደበቀችም፤ ከእንግዲህ ካላክላ ቤት ተከራይቼ፣ ቀን ቀን ሠርቼ ማታ ቤቴ እገባለሁ አለች። ማዳም እሺ ስላላለች ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከትታ ወጣች። ጀሚላ ጌሙን ውሰጂው ብትላት ካላክላ መብራቱ አይታመንም ብላ ተወችው።

አሁን ከወይንሸት ጋር ሻይ ትሸጣለች። ጀሚላ ከትምህርት ስትወጣ ብቅ ትላለች። የኔነሽ በዕረፍት ቀኗ ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊቷ የመጣውን ሐፍላ ትሳፈራለች፤ አንዴ አል-ሳሃፋ ሠፈር፣ አንዴ ከዚያም አልፋ እስከ መጨረሻው ትሄዳለች። ስትመለስ ጫማዋ አቧራ ነው፣ በእጇ ምንም አልያዘችም። ወይንሸት ወንድ አግኝታ መሆን አለበት ብላ ጠርጥራለች። የኔነሽም አላስተባበለችም።