የወረፋውን ሰንጠረዥ የሠራው ሰው

ሽማግሌው የቀዶ ጥገና ተራቸውን ሊጠይቁ ሲገቡ፣ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ የለበሰው ሰው ከኮምፒውተሩ ፊት ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። የሆስፒታሉን የወረፋ ሰንጠረዥ የሠራው እሱ ነው።

«ልጄ፣ እኔ የለሁበትም። ሳልሞት ቀበራችሁኝ እንዴ?» አሉ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው።

«ኧረ ዕድሜ ይስጥዎት አባባ! ያን ሁሉ ሺ ስም በአንዴ ላውጣ ካልኩ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ዓይንዎ የሚደርስበትን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሌላው ወደ ታች ሲወርዱ ይመጣል።»

ማውሱን አስያዛቸውና አጠገባቸው በርከክ አለ። «እኔም አንዴ እንዲህ ያለ ወረፋ ላይ የለህም ተብዬ አውቃለሁ» አለ።

ስሞቹ ከታች እየወጡ ወደ ላይ አለፉ። የሽማግሌው ጣት በድንገት ቆመ።

«አለሁ! ተመስገን፣ ማክሰኞ ነው ተራዬ።»

«ተመስገን» አለ ሰውየው፣ የራሱ ስም የወጣለት ይመስል።