ጋሼ ኪቲላ የዘጉት ቦይ

ጋሼ ኪቲላ ሂካ «ልማት አደናቃፊ» ተብለው መጥሪያ ወጥቶባቸዋል። አደናቀፉ የተባለው አንድ ቦይ ስለዘጉ ነው። እኔ የውሃ ቴክኒሻን ነኝ። የመንደሩን ምንጭ በሲሚንቶ የገነባሁትም በየዓመቱ የምለካውም እኔ ስለሆንኩ፣ የሆነውን በቅደም ተከተሉ እጽፈዋለሁ።

ሰውየው ከኖፓ ከተማ ወዲህ ላለው ረግረግ አባ ለጋ ናቸው። አባ ለጋ ማለት ውሃው መቼ እንደሚለቀቅ፣ መቼ እንደሚታገድ እንዲወስን ገበሬው የመረጠው ሰው ነው። ከመስቀል በኋላ ቦዩ ይከፈታል፤ መሬቱ ጠፈፍ ሲል በጥር በቆሎ ይዘራል፤ በሐምሌ ይሰበሰባል። የመጨረሻው በቆሎ በተነሳ ማግስት ቦዩ ከነአፈሩ በተቆረጠ ሣር ይደፈናል። ውሃው ተመልሶ ይተኛል፣ ጨፌው፣ የረግረጉ ረጅም ሣር፣ ይበቅላል። ቦይ ከጉልበት አይጠልቅም፤ አመድማ ሸክላ ከታየ አካፋ ይነሳል። ምንጩ የሚወጣበት የረግረጉ ራስ አይነካም። ከብት ደግሞ ጨርሶ አይገባም። በዚህ ጉዳይ ጋሼ ኪቲላ የገዛ ወንድማቸውን ጥጃ አስረው አሳድረዋል።

በ2003 ዓ.ም. ሁለት ተመራማሪዎች መጥተው ረግረጉን በረጅም የብረት ቱቦ ወጉት። ቱቦውን የተሸከምነው እሳቸውና እኔ ነን። የወጣውን ጭቃ በኮባ ቅጠል ላይ አጋደሙት። ከላይ ጥቁር ነው፤ ቀጥሎ የጨፌ ሥር የሞላበት ቡናማ፣ ከዚያ እንደ ክር የቀጠነ ከሰል፣ ከሥር አመድማ ሸክላ። ሸክላው ዝናብ ያጠረበት ዘመን ነው አሉን። ዝናቡ ሲመለስ ውሃ ተኛበት። ከሰሉ ሰው ዳገቱን እያቃጠለ ያረሰበት ነው፤ ከዳገቱ የታጠበው አፈር ሸለቆውን ሲዘጋው ረግረጉ ሰፋ። ዝናብና ሰው አብረው የሠሩት ነው ማለት ነው።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ ጋሼ ኪቲላ።

«የታችኛው በሺዎች ይቆጠራል።»

«ማሎ! ታዲያ ከኔ በፊት ስንቱን አባ ለጋ ቀብሯል!»

ይህን ያህል የኖረውን ነገር በሦስት ዓመት ጨረሱት።

ኅዳር 2013 «በዓመት ሁለቴ ማምረት» የሚባል ዘመቻ መጣ። ከወረዳው ግብርና ቢሮ የተላከው ባለሙያ ፋኦል የሚባል ወጣት ነበር፣ አዲስ ቦት ጫማ ያደረገ።

«ጋሼ ኪቲላ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ እዚህ ተቀምጦ ምን ይሠራል?»

«አንተስ ቢሮ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ቦዩን አላስቀረውም። መቶ ሃያ ሰው አሰልፈው እስከ ወገብ ቆፈሩ፤ ሸክላውን በስተው ጠጠር ላይ ደረሱ፤ የረግረጉን ራስ ሰነጠቁት፤ ከዚያ ወዲያ ቦዩን ክረምት ከበጋ አልዘጉትም። በመጀመሪያው ዓመት በቆሎው ሰው እስኪውጥ አደገ፣ ፎቶ ተነሱበት። በሦስተኛው ዓመት መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ፤ በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆነ።

ምንጩን በሃያ ሊትር ጀሪካንና በሰዓት ነው የምለካው። ድሮ በየካቲት ጀሪካኑን ለመሙላት ሃምሳ ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በ2014 አራት ደቂቃ ሆነ። በ2016 አሥራ አንድ። በየዓመቱ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ሪፖርቱ ፋይል ውስጥ ተኛ። የጋሼ ኪቲላ ባለቤት እትዬ ዲሪቤ በስልሳ ዓመታቸው ወደ ሶር ወንዝ አንድ ሰዓት ተኩል ወርደው ይቀዱ ጀመር። ሌላ አንድ በጋ ቦዩ ክፍት ሆኖ ካለፈ ምንጩ ጭራሽ እንደሚደርቅ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

በዚያው በ2016 ነሐሴ ላይ የመጨረሻው በቆሎ ተነሳ። ከቢሮ ደግሞ ደብዳቤ መጣ፦ ኮሚቴ እስኪወስን ቦዩ አይነካ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ኅዳር ነው፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ! ጋሼ ኪቲላ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አካፋቸውን አነሱ።

መንገድ ላይ እንድሪስ ቆመ። እንድሪስ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ በልጅነቱ የመጣ ጎረቤታቸው ነው። በዘመቻው ጊዜ የቢሮው ሰዎች የረግረጉን ራስ «ያንተ ነው» ብለው ሰጥተውት ድንች ተክሎበታል።

«ጋሼ ኪቲላ፣ ከዘጉት ድንቼ ይሰምጣል። ሦስት ሳምንት ይስጡኝ።»

«ሦስት ሳምንት ዝናቡ ይሰጥሃል? ሰሚራ ዛሬ ውሃ ከየት ቀዳች?»

ሰሚራ ልጁ ናት። እንድሪስ መሬት መሬት አየ።

«ከሶር» አለ። «እንግዲያው ድንቹን አብረን እናውጣዋ!»

በማግስቱ ደቦ ወጣ። እንቁላል የምታክለውን ድንች እስከ ረፋድ ለቅመን ጨረስን። ከዚያ ቦዩን በሣር ደፈንነው፤ ውሃው በሥሩ በጠጠሩ ሾልኮ ገፋው። ደግመን ደፈንን፣ ደግሞ ሄደ። ጋሼ ኪቲላ ቦዩ ውስጥ ወርደው የጠጠሩን ቀዳዳ በእጃቸው ዳሰሱ። በኋላ ከዳር የተከመረውን አመድማ ሸክላ ወደ ቦዩ አስመለሱና፣

«በሬዎቹን አምጡ» አሉ።

«ምን?» አለ እንድሪስ። «ሠላሳ ዓመት በሬዬን በዱላ ሲያባርሩ ኖረው?»

«የጠጠር ቀዳዳ የሚደፍነው የተረገጠ ሸክላ ነው። ከበሬ በላይ ማን ይረግጣል? ያንተ ደግሞ ወፍራም ነው፣ አምጣው ባክህ!»

አሥራ አራት በሬ ቦዩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተነዳ። ሸክላው እንደ ሊጥ ተቦክቶ ጠጠሩን ያዘው። በላዩ ሣሩን ደረደርን። ማታ ላይ ውሃው ቆመ። ጋሼ ኪቲላ በሬዎቹን ራሳቸው አስወጥተው፣ «ከነገ ጀምሮ የገባውን አስራለሁ» አሉ።

ባለፈው የካቲት፣ በ2017፣ ልለካ ሄድኩ። ጋሼ ኪቲላ ቧንቧው ሥር ጀሪካን ደቅነው ነበር። የቢሮው ተላላኪ መጥሪያውን ዘረጋላቸው፦ ያለ ፈቃድ ቦይ በመዝጋት፣ ዛሬውኑ ይቅረቡ።

«እቀርባለሁ» አሉ። «ይሄ እስኪሞላ ግን ቆመህ ጠብቅ። ባዶ ጀሪካን ይዤ ቢሮ አልገባም።»

ተላላኪው ቆመ። ሰዓቴን ያዝኩ። ስድስት ደቂቃ። ከአምናው አሥራ አንድ ተሽሏል፤ ግን ሃምሳ ሰከንድ የነበረው ምንጭ ስድስት ደቂቃ! ቆፍሮ ላበላሸው መጥሪያ የሚጽፍ አልተገኘም።

ጀሪካኑ ሞላ። ጋሼ ኪቲላ ክዳኑን አጠበቁና በትከሻቸው አንስተው ከተላላኪው ፊት ፊት ሄዱ።